የሚወጣውን ጠባቂ

ጡረታ የወጣሁት ሥራዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ከስቶክሆልም በስተሰሜን ባለ አንድ ኮሙን፣ ማለትም በአንድ የከተማ አስተዳደር መሥሪያ ቤት፣ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆኜ ፀጉሬ እስኪሸብት ሠርቻለሁ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የእኔን ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም ተገዛ። እሱ ማንንም አይጠይቅም፤ ራሱ ይፈቅዳል፣ ራሱ ይከለክላል። ከበስተኋላው ሰው አለ ቢባልም፣ ያ ሰው የሚቀመጠው በየትኛው አገር እንደሆነ ሊነግረኝ የቻለ አልነበረም። በስንብቴ ቀን ኬክ ተቆረሰልኝ፤ አለቃዬ ኡልፍ ስሜን እንደለመደው አጣምሞ ጠርቶ አመሰገነኝ፤ መታወቂያዬን አስረክቤ ወደ ቤቴ ወደ ዩልስታ ተመለስኩ። ደመወዙ ደህና ነበር፣ ጡረታውም ያኖራል። ስለ ገንዘቡ ሌላ የምለው የለኝም።

«ሥራህ ምን ነበር?» ሲሉኝ ብዙ ጊዜ «ዘበኛ ነበርኩ» እላለሁ። ይስቃሉ፤ እኔ ግን ቀልዴን አይደለም። በወጣትነቴ አቃቂ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቼ ነበር። ጠዋት ስንገባ በር ላይ ዞር ብሎ የሚያየን የለም። ማታ ስንወጣ ግን ተሰልፈን እንፈተሻለን፤ ኪሳችን፣ የምሳ ዕቃችን፣ አንዳንዴም ጫማችን ሳይቀር ይታያል። ፋብሪካው የሚፈራው የሚገባውን ሳይሆን የሚወጣውን ነበር።

የእኔም ሥራ ይኸው ነው። ሰው ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚገባበትን ይፈራል፤ ቫይረስ ገባ፣ ሌባ ገባ ይላል። ኮምፒዩተሩ በበኩሉ ቀኑን ሙሉ ወደ ውጭ ሲያወራ፣ እዚህ ሰላምታ እዚያ ወሬ ሲያቀብል ባለቤቱ አይሰማም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ኮምፒዩተር ግን ብቅልም አያስፈልገውም። ስለዚህ በየኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ዘበኛ ፕሮግራም አስቀምጥ ነበር። አንድ ነገር ወደ ውጭ ሊወጣ ሲል ዘበኛው ያቆመውና በስክሪኑ ላይ ትንሽ መስኮት ከፍቶ ይጠይቃል፤ ይህ ፕሮግራም ወደዚህ አድራሻ መሄድ ይፈልጋል፣ ምን ይሁን? ከሥሩ ሁለት ቁልፎች አሉ። በስዊድንኛ አንዱ «ቲሎት» ይላል፣ ፍቀድ ማለት ነው። ሌላው «ኔካ» ይላል፣ ከልክል ማለት ነው። ይህችን የኋለኛዋን ቃል ያዙልኝ።

ወደዚህ ሙያ የመጣሁት በዙሪያ ጥምጥም ነው። በስደት እዚህ አገር እንደገባሁ የትምህርት ቤት ኮሪደር አጸዳሁ። ቀጥሎ ሶደርተልየ፣ የጭነት መኪና በሚገጣጠምበት ፋብሪካ፣ ብሎን ሳጠብቅ ኖርኩ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ሥራ አገናኙ ቢሮ ኮርስ ላከኝ፤ ከኮርሱ በኋላ ኮሙኑ ለሙከራ ወሰደኝና በዚያው ቀረሁ። ሥራ እንዲያስተምሩኝ የተሰጠሁት ለሪትቫ ነበር።

ሪትቫ በልጅነታቸው ከፊንላንድ የመጡ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ነበሩ። ስዊድን አገር ሁሉም ሰው «ዱ» ነው፤ አንተም አንቺም እርስዎም በዚያች አንዲት ቃል ይጠቃለላሉ። አፌ «ዱ» ሲላቸው ሆዴ «እርስዎ» እያለ ነው አብሬያቸው የሠራሁት። አሁንም በአማርኛ ስጽፍ «እሷ» ለማለት ብዕሬ እምቢ ይለኛል።

አዲስ ኮምፒዩተር ሲመጣላቸው ሪትቫ መጀመሪያ ምንም አይነኩም። ያበሩታል፣ ከፔርሙሳቸው ቡና ይቀዳሉ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ይቀመጣሉ። እኔ ሥራ ፈት እንዳልመስል ማውሱን ላንቀሳቅስ ስል «ተወው፣ ይናገር» ይሉኛል። ባለቤቱ ሳይነካው ብቻውን የሚናገር ኮምፒዩተር እውነተኛ ጠባዩን ያሳያል ብለው ያምኑ ነበር። እውነታቸውን ነው። ቀስ በቀስ መውጣት ይጀምራል። ሰዓት የሚያስተካክለው ፕሮግራም ሰዓት ሊጠይቅ ይወጣል፤ እሱ ደግ ነው። የማተሚያው ፕሮግራም ቀለሙ ስንት እንደቀረው ለፋብሪካው ሊያቃጥር ይወጣል፤ እሱም ነገረኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም። በመካከል ግን ስሙን የማታውቀው አንዱ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ብድግ ብሎ ሩቅ አገር ይሄዳል። ያኔ ሪትቫ መነጽራቸውን ያደርጋሉ። ማነው የሚወጣው? ወዴት? አሁን ለምን? እነዚህን ሳይመልሱ ምንም አያሳልፉም።

ዘበኛው ሲጠይቅ መልሱን «ለዚህ ጊዜ ብቻ» ወይም «ለሁልጊዜ» ማድረግ ይቻላል። ሪትቫ ለሁልጊዜ የሚባለውን ፈቃድ አይወዱም። «ነገ የሚመጣውን ሳታየው ፈቀድክለት ማለት ነው» ይላሉ። አንድ ቀን የእኛን ተረት ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ገንፎ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፣ አስረዳሁ። እነሱም ገንፎ አላቸውና በደንብ ገባቸው፤ ከዚያ ወዲያ ነገር ሲያጠራጥራቸው «ስንጥር» ይሉኝ ነበር፣ በፊንላንድ ምላሳቸው።

ከሁሉም ግን የማስታውሰው የስልክ ልማዳቸውን ነው። አንድ ሠራተኛ ደውሎ ሲጠይቃቸው፣ ምን እንደሚጫን ነግረውት ስልኩን አይዘጉም። «አሁን የሚታይህን አንብብልኝ» ይላሉ። ሰውየው «ገባኝ፣ ጨርሻለሁ» ቢል እንኳ «አውቃለሁ፣ ግን አንብብልኝ» ይላሉ። ብዙ ሰው ይሰለቻል። አንዱ መምህርማ እንደ ሕፃን ቆጠሩኝ ብሎ ለኡልፍ ከሷቸው ነበር። ሪትቫ ትከሻቸውን ነቅንቀው ተመልሰው ያንኑ አደረጉ።

በእሳቸው እግር ሥር ሳለሁ አንድ ነገር አግኝቻለሁ፤ ስለሱ ትንሽ ልኩራ። የአንዲት ርዕሰ መምህርት ኮምፒዩተር ሌላ ጊዜ ዝም ብሎ ሳለ፣ ደብዳቤ ስትጽፍ ብቻ ወደ ውጭ ይንጫጫል ተባለ። አጠገቧ ተቀምጬ «እስኪ ጻፊ» አልኳት፤ ጻፈች፣ ወጣ። «አቁሚ» አልኳት፤ አቆመች፣ ቆመ። እንደገና አስጀመርኳት። ለካስ የፊደል ግድፈት ያርምልኛል ብላ የጫነችው ነፃ ፕሮግራም የምትጽፈውን ሁሉ፣ የተማሪዎቹን የቤተሰብ ችግር ሳይቀር፣ ቃል በቃል ሌላ አገር እየላከ ነው የሚያርመው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና የሄደውን መመለስ አልተቻለም፤ የቀረውን ግን አቆምነው። ሪትቫ ያን ቀን ለፊካ፣ ለቡና ሰዓታችን፣ የገዙትን ዳቦ ግማሹን ቆርሰው ሰጡኝ። ከእሳቸው እጅ ይህ ትልቅ ሽልማት ነበር።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ወደ ሰሜን፣ ፊንላንድ ድንበር አጠገብ ወዳለ መንደር ሲሄዱ ቦታቸው ለእኔ ተሰጠኝ። ሥራው ሲበዛ እጄ ፈጠነ። መጠበቁን አሳጠርኩ፣ በስልክም ማስነበቡን ተውኩ። ኡልፍ ደግሞ የሚወደው የተዘጋ ጉዳይ ነበር፤ ጉዳይ ቶሎ ስዘጋ ያመሰግነኛል። መፍጠኔን የሙያ ብስለት አድርጌ እቆጥረው ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አነጋገራችን አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። የስቶክሆልም አበሻ አማርኛውን ከስዊድንኛ እየፈተፈተ ነው የሚናገረው። «ሂራዬን ከፈልኩ» ይላል፣ የቤት ኪራዬን ማለቱ ነው። «ቲድ አስያዝኩ» ይላል፣ ቀጠሮ ማለቱ ነው። እኔም ከዚህ አልወጣሁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ላፕቶፕ ይዞ የሚከበኝን ሰው ሁሉ በዚሁ ቋንቋ አስተምር ነበር፤ «ይሄን ቲሎት አድርገው፣ ያን ኔካ አድርገው» እያልኩ። ሁሉም «እሺ» ይለኛል። የኛ ሰው እሺ ማለቱ ሰማሁ ማለቱ እንጂ ገባኝ ማለቱ እንዳልሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ሆኖም እሺ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሺ ይበልጣል ከሺህ አይደል የሚባለው?

ሰናይትን የማውቃት በሥራ ነው። ከባሎቻቸው ሸሽተው የወጡ ሴቶችን የሚያስጠጋ አንድ ትንሽ ማኅበር በኮሙናችን ነበር፤ ኃላፊዋ ሌና ትባላለች። ሌና አንድ ቀን ደውላ አማርኛ የሚችል የኮምፒዩተር ሰው እንዳለ ሰምታለች፣ እንድረዳት ጠየቀችኝ። ኡልፍም ፈቀደልኝ። ሰናይት ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ በጴንጤ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ያደገች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ባሏ እንደሚገድላት ደጋግሞ ዝቶባታል፣ አንድ ጊዜም ሊያደርገው ምንም አልቀረውም ነበር። አድራሻዋ በሕግ ተሰውሯል፤ ያለችበትን ቤተ ክርስቲያኗም ቤተሰቧም አያውቁም። የምትኖረው ሶለንቱና ነበር፤ ሊዲያ ከምትባል የስምንት ዓመት ልጇ ጋር። ሊዲያ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ጓደኛ ይዛለች። እናትየው ደግሞ የረዳት ነርስነት ኮርስ እየጨረሰች ነው፤ ኮርሱ በኮምፒዩተር የሚሰጥ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ከዚያው ቤት ይዛው የወጣችው አሮጌ ላፕቶፕ ነው፣ ባሏ ያዘጋጀላት።

እንደ ድሮው አደረግኩ። አበራሁት፣ ዘበኛውን ጫንኩበት፣ እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ብዙም አልቆየ። የፎቶ ማስቀመጫ ነኝ የሚል አንድ ፕሮግራም ብድግ አለ።

«ይሄን አንቺ ነሽ የጫንሽው?» አልኳት።

«ኧረ እኔ አላውቀውም ጋሼ። ኮምፒዩተሩን የሚያውቀው እሱ ነበር።»

«ፎቶሽን እየወሰደ በእሱ ስም ወደተከፈተ ቦታ ያስቀምጣል። ከፎቶው ጋር ያለሽበትንም ይናገራል።»

«ያለሁበትን በምን ያውቃል? እኔ አልጻፍኩለት።»

«በዙሪያሽ ያሉትን የጎረቤት ዋይፋዮች ያያል። በእነሱ ሰፈሩን ይገምታል።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ማኅበሩ ለላፕቶፑ ኢንተርኔት የሰጣት ገና ያን ቀን፣ እኔ ከመጣሁ በኋላ ስለነበረ፣ ቀድሞም የኮርሱን ትምህርት በፍላሽ ገልብጠው ይሰጧት ስለነበር፣ እስከዚያ ድረስ የወጣ ነገር አልነበረም። በጊዜ ደርሻለሁ አልኩ። ያን ፕሮግራም ለሁልጊዜ ከለከልኩት። ከሥሩ ነቅዬ ኮምፒዩተሩን እንዳዲስ ባደርገው ይሻል ነበር፤ ነገር ግን የኮርሱ ፈተና በዚያው ሳምንት ነው፣ የኮርሱም ፕሮግራሞች እዚያው ላይ ናቸው። የሟች እናቷ ፎቶዎችም አሉበት። አዲስ ኮምፒዩተር እንዲታዘዝላት አደረግኩና፣ እስኪመጣ ድረስ ዘበኛው ይጠብቃት አልኩ። ስወጣ «አዲስ ነገር ከጠየቀሽ ደውይልኝ» አልኳት።

«እሺ ጋሼ። እግዚአብሔር ይባርክዎ።»

የደወለችልኝ በምሳ ሰዓት፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው በፔንደልቶግ ስሄድ ነው። ባቡሩ ይጮኻል፣ ሰዉ ተጨናንቋል፣ ስልኩ ይቆራረጣል።

«ጋሼ፣ እያስቸገርኩዎ ነው። አንድ መስኮት መጥቶ እየጠየቀኝ ነው።»

«ምንድን ነው የሚለው? የምታውቂው ነው?»

«ኧረ አላውቀውም። ረጅም ነገር ነው የተጻፈው።»

«የማታውቂው ከሆነ ኔካ አድርጊው።»

«ነካ ላድርገው?»

«አዎ፣ ኔካ አድርጊው። አትፍሪ።»

«እሺ።» ወዲያው ደግሞ፣ «ጠፋ፣ ጋሼ። ሄደ።»

«በቃ፣ ጎበዝ» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ።

አማርኛ የምታውቁ ገና ድሮ ገብቷችኋል። እኔ በስዊድንኛው «ኔካ» አልኳት፣ ከልክይው ለማለት። እሷ በአማርኛው «ነካ» ሰማች። ነካ አድርጊው፤ ጫን አድርጊው፣ በጣትሽ ንኪው። በጸጥታ ቤት ውስጥ ሁለቱ ቃላት ይለያያሉ፤ በባቡር ውስጥ በስልክ ግን አንድ ናቸው። እሷም ነካችው። መስኮቱ ላይ ደምቆ ቀድሞ የሚታየው ቁልፍ የፈቃዱ ነው፣ ያውም የሁልጊዜው፤ ሰው ነካ አድርግ ሲሉት የሚነካው እሱን ነው። መስኮቱ ደግሞ የትኛውንም ቢነኩት ይጠፋል።

ያ ፕሮግራም ራሱን አድሶ ነበር። የእኔ ክልከላ ለአሮጌው መልኩ ነበርና፣ በአዲስ መልክ ሲመጣ ዘበኛው እንደ አዲስ እንግዳ ቆጥሮ ጠየቀ። ዘበኛው ሥራውን በትክክል ሠርቷል።

የሰማሁት ከቀናት በኋላ ነው፤ ሌና ደወለች። የሊዲያ አባት ሶለንቱና ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ሲዞር ውሎ፣ በአካባቢው ካሉት ትምህርት ቤቶች ደጅ ላይ እየቆመ ነበር። በመጨረሻ ሊዲያ የምትማርበት ደረሰ። ልጅቱ አየችው። መምህርቷ ቶሎ ብላ ወደ ውስጥ አስገብታ በሩን ቆለፈች፣ ፖሊስም መጣ። ማንም አልተነካም። «ግን እዚህ መኖር አይችሉም» አለችኝ ሌና፣ «እንዴት አወቀ?»

ላፕቶፑን አስመጥቼ ከፈትኩት። ዘበኛው ያሳለፈውን ሁሉ ይመዘግባል። ያ ፕሮግራም ተፈቅዶለታል፣ ለሁልጊዜ፤ ሰዓቱም እኔ ባቡር ውስጥ የነበርኩበት ሰዓት ነው። በመጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር፣ በእሷ ላይ። ከልክይ ብያት እንዴት ትፈቅዳለች አልኩ። ደወልኩላትና «ምን አድርጊ ነበር ያልኩሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ነካ አድርጊው አሉኝ። ነካሁት።»

ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

የሆነውን ያንኑ ዕለት ለሌናም ለኡልፍም ነገርኩ፤ የደበቅኩት ነገር የለም። ግን ማስረዳቱ ራሱ ጉድ ነበር። ኔካ እና ነካ፣ ደጋግሜ አሰማኋቸው፤ ለስዊድን ጆሮ ምንም ትርጉም አልሰጠም። ኡልፍ «የቋንቋ አለመግባባት» ብሎ መዘገበና ጉዳዩን ዘጋው። የቋንቋ አለመግባባት! ሁለታችንም አዲስ አበባ ተወልደን፣ ሁለታችንም በአማርኛ አፋችንን ፈትተን። ስዊድንኛ ብቻ ባወራት ኖሮ ቃሉን ትጠይቀኝ ነበር። አማርኛ ብቻ ባወራት ኖሮ «ከልክይው» እላት ነበር። ከልክይው የሚለው ቃል ጠፍቶኝ አልነበረም፤ አፌ ላይ ቀድሞ የመጣው ግን ሌላው ነው። ኡልፍ አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

ሪትቫ ጋር ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፊንላንዳዊ ናቸውና ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«የሚታያትን አነበበችልህ?» አሉኝ።

«አላስነበብኳትም።»

ከዚያ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ። ከዚህ በላይ አልተናገሩኝም፤ እኔም ከዚህ በላይ እንዲሉኝ አላስፈለገኝም።

ሰናይትና ልጇ በሚሄዱበት ጠዋት ሌና ጠራችኝ። ሰናይት ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ሁሉ በእኔ እጅ እንዲጠፋ ፈልጋለች፤ ይዛው አትሄድም። የማኅበሩ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብላ አገኘኋት፤ ሁለት ሻንጣ አጠገቧ አለ። ፈተናውን አልፋለች፣ ሶለንቱና ውስጥ ባለ የአረጋውያን ቤት ሥራም ተሰጥቷት ነበር። እሱ ቀረ። ወደየትኛው ከተማ እንደሚወስዷት ለእኔ አልተነገረኝም፤ ሊነገረኝም አይገባም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት።

«እርስዎ ምን አደረጉ ጋሼ? የነካሁት እኔ ነኝ።»

እንዲህ ማለቷን አልቻልኩትም። ላፕቶፑን ከፈትኩ።

«ከማጥፋቴ በፊት ፎቶዎቹን ላውጣልሽ። የእናትሽ አሉ፣ የሊዲያም የጨቅላነቷ።»

«አይ።»

«ምንም አያመጣም። እኔው ራሴ አይቼ፣ ፎቶውን ብቻ ለይቼ—»

«አይ ጋሼ። ከዚያ ውስጥ ምንም አይውጣ።»

ከእሷ አፍ እንቢታ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ባለኝ። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እኔ ማጥፋቱን ጀመርኩ። እናቷ፣ የልጇ የመጀመሪያ ጥርስ፣ መዘምራኑ በነጭ ልብስ፣ ሁሉም እዚያ ነበሩ። አንዱንም ሳልከፍት አጠፋሁ። እያለቀ ሲሄድ ስክሪኑን ማየት አልፈለግኩም።

ሊዲያ ኮቷን ለብሳ ገባች። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን እንደ እዚህ ልጆች ሁሉ በስዊድንኛ ነው። ለጓደኛዋ ለአልማ አንድ መልእክት ልትልክ ትችል እንደሆነ እናቷን ጠየቀች።

«ጋሼን ጠይቂያቸው» አለቻት ሰናይት። «እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።»

ልጅቱ ወደ እኔ ዞረች። የት እንደምንሄድ አልነግራትም አለችኝ። ደህና ሁኚ ብቻ ነው የምላት አለችኝ። እናቷን አየሁ፤ እናቷም እኔን ታየኛለች። ያ መልእክት ከአልማ ስልክ ወደ አልማ እናት፣ ከእሷም ወደ ሌላ ወላጅ እንዴት እንደሚሄድ ይታየኛል፤ የሥራዬ ዓይን ነው። ከወንበሬ ወርጄ አጠገቧ ተንበረከክኩ። በጥርት ያለ አማርኛ፣ ቃል ሳልቀላቅል፣ «አይሆንም የኔ ልጅ። ለአልማ መጻፍ አይቻልም። ዛሬም ሆነ ሌላ ቀን አይቻልም» አልኳት።

አላለቀሰችም። ትንሽ አስባ፣ በስዊድንኛ፣ «እንደዚያ ከሆነ የተጣላኋት ይመስላታል» አለችኝ።

አዎ፣ ይመስላታል። ሌና ሻንጣዎቹን መኪናው ውስጥ ጫነች፣ ሰናይት ትከሻዬን ስማኝ ልጇን በእጇ ይዛ ወጣች።

ያ የሊዲያ ትምህርት ቤት በእኔ ኃላፊነት ሥር ነበር፤ ከዚያ ወዲያ በኮምፒዩተር ችግር ብዙ ጊዜ ተጠርቼ ሄጃለሁ። አንድ ቀን በሊዲያ ክፍል የመምህርቷን ኮምፒዩተር ሳይ፣ መምህርቷ «አልማ» ብላ ስትጣራ ሰማሁ፤ ፀጉሯን ሁለት ቦታ የተጎነጎነች፣ ከመስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ ልጅ ናት። ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ባየኋት ቁጥር አድጋ ነው የማያት። ሊዲያ እንዳልተጣላቻት በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ በሄድኩ ቁጥር አጠገቧ አልፋለሁ፣ ጡረታ እስክወጣም ድረስ አልነገርኳትም።